የአዘቦት ቀን ምስል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በእድር ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተዘግተህ ምን ስትሠራ ነበር ይለኛል። የሞተ ማሽን አስነሣ ነበር እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ ልስቅ እሞክራለሁ፤ ግን የመጨረሻው የማስነሣት ሥራዬ ትዝ ሲለኝ ሳቁ አይመጣልኝም።

ክፍሉ ዛሬ የተሰባበረ ወንበር ማጎሪያ ሆኗል። ሥራው ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ወጣቶቹ መረጃው አሁን «ክላውድ» ላይ ነው ይሉኛል፤ ደመና ማለት ነው ብለው ሊያስረዱኝም ይደክማሉ። በደብረ ማርቆስ ክረምት ያረጀ ሰው ደመና ምን እንደሆነ ሳያውቅ አይቀርም። አልቀየማቸውም። ብቻ ሥራችን ምን እንደነበረና ሲበላሽ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳልናገር ብሞት ይቆጨኛል።

የጀመርኩት በጽሕፈት መኪና ጥገና ነው። ፊደል ሲጣመም አቃናለሁ፣ ሪባን እቀይራለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ። ኮምፒውተር ሲመጣ ከጽሕፈት መኪና የሚቀርበው ሰው ማነው ተብሎ ሲታሰብ እኔ ተገኘሁ። አዲስ አበባ ወርደህ ተማር አሉኝና ሄድኩ። አበሉ ለአልጋና ለሽሮ እንኳ አይበቃም ነበር፤ እሱን ልተወው። ስመለስ የተመደብኩበትን መሥሪያ ቤት ስሙን አልጠራም። አብረውኝ የሠሩት ሰዎች አሉ፣ ልጆቻቸውም አሉ። የገበሬ መሬት የሚመዘገብበት ቦታ ነበር ማለት ይበቃል።

እዚያ አንድ ሰርቨር ነበረን። በእርዳታ የመጣ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የሚደርስ፣ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ትልቅ ማሽን። የገበሬው ማሳ ስፋት፣ አዋሳኙ፣ የባለይዞታው ስምና ፎቶግራፍ፣ የአውራ ጣቱ አሻራ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። ያ ማሽን ከሞተ የመሬቱ ነገር ሁሉ አብሮት ይሞታል። ቀድሞ በካሴት ላይ እየቀዳን እናስቀምጥ ነበር፤ የካሴቱ መቅጃ ተበላሸና መለዋወጫ የሚባል ነገር ጠፋ። ከዚያ በኋላ የቀረን ምስሉ ብቻ ነበር።

ምስል ስል ፎቶግራፍ ማለቴ አይደለም። ማሽኑ በአንድ ቀን ያለበትን ሁኔታ እንዳለ መጠቅለል ነው፤ ሥርዓቱ፣ የሠራተኞቹ የይለፍ ቃል፣ የመሬቱ መረጃ፣ አንድም ሳይቀር። ጥቅሉ በኔትወርክ ገመድ አድርጎ ከግቢው ማዶ ባለው ሕንጻ ወደተቀመጠ ሌላ ማሽን ይሄድና እዚያ ይቀመጣል። ዋናው ማሽን አንድ ቀን ዲስኩ ቢቃጠል አዲስ ዲስክ ይገጠምለታል፤ ባዶውን ይነሣና በገመዱ ላይ ይጣራል፤ ምስሉ ይመለስለታል፤ እንደነበረም ይሆናል። እንደነበረ ማለት ግን ምስሉ በተነሣበት ቀን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደውንም የሞተውንም አያውቅም።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ጋሼ ይበልጣል ነው። ሲበዛ ዝምተኛ፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ የማይለየው ሰው ነበር፤ ማሽን ክፍሉ ማቀዝቀዣ ስላለው ጋቢውን ለብሶ ነው የሚገባ። በልጅነቱ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ተቀምጦ ነበር። በኋላ ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ያለፈው። ዩኒቨርሲቲም ጨርሷል። የማሽኑን ትእዛዝ ሲጽፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጽፎ ሲያበቃ ከመጀመሪያው ጀምሮ ድምፅ ሳያሰማ ያነበንበዋል፣ ከዚያ ነው አስገባ የሚለውን የሚጫን። እኔ በዚህ እቀልድበት ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ሳላነበንብ የጫንኩትን ሲያቃና ከዋለ በኋላ ግን መቀለዴን ተውኩ።

ምስል የሚያነሣው በአዘቦት ቀን ነው። ይህ ለእሱ ሕግ ነበር። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዛሬ ማን ነው?» ብሎ ነው። ሚካኤል ከሆነ፣ ማርያም ከሆነች፣ መድኃኔዓለም ወይም ባለ ወልድ ከሆነ ምስል የለም። አዲስ የመጣ ሰው ይህን ሲያይ ከሃይማኖት የተነሣ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ጠየቅኩት። በበዓል ቀን ገበሬ አያርስም፣ አያጭድም፣ ታዲያ ምን ሊያደርግ ነው፣ ከቅዳሴ እንደወጣ ጉዳዩን ይዞ ወደ እኛ ነው የሚመጣው አለኝ። እውነቱን ነበር። በአዘቦት፣ በተለይ በእርሻና በአጨዳ ሰሞን፣ ግቢያችን ጭር ይላል። ሚካኤል ሲሆን ከይጁቤ፣ ከደንቡ ዳር፣ ከየገጠሩ የመጣው ሰው አጥሩን ተደግፎ ይሞላል።

ምስል ሊያነሣ ሲል መረጃ መመዝገቢያውን ጨርሶ ይዘጋዋል። ሰው እየጻፈበት የሚገለበጥ ነገር ግማሹ ካለፈው፣ ግማሹ ከሚመጣው ይሆናል ይል ነበር። ራሱ ወጥቶ ኮፍያውን አውልቆ ለተሰለፉት ጥቂት ሰዎች ማሽኑ ንስሐ እየገባ ነውና ታገሡን ይላቸዋል። ይስቁና ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ግን ይቆጣ ነበር፤ ከሩቅ መጥቶ ከተማ ማደር ቀላል አይደለም።

ምስሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ጥግ ላይ አንድ ያረጀ ትርፍ ማሽን ነበረን፤ ደቀ መዝሙሩ ይለው ነበር። ምስሉን እዚያ ላይ ይጭነዋል። ደቀ መዝሙሩ ሲነሣ እንዳመጣለት ጥቂት ማሳዎችን ይከፍትና ከዋናው ጋር ያስተያያል። ማሽኑ «ተሳክቷል» ብሎ ከጻፈ ምን ያደክምሃል ብዬ ጠይቄዋለሁ። መልሱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«ዲማ መምህራችን ተምረሃል ወይ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ተምሬአለሁ የማይል ተማሪ የለማ። በል ነው የሚሉት። ብሎ ካላሳየ አልተማረም።»

ጋሼ ይበልጣል ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው እኔ ወደ ሮብ ገበያ ተላክሁ። ለወረዳው አዲስ መስመር ሲዘረጋ የሚቆጣጠር ሰው ይፈለግ ነበር። ሮብ ገበያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ምሰሶው ላይ ያለው መቀበያ ውኃ ይቋጥራል፣ ገመዱን አይጥ ይበላዋል። ሦስት አለቃ ተቀያየረብኝ። አንዱ ስብሰባ ወዳድ፣ አንዱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ደግ ሰው ሆኖ ሳለ ፊርማ የሚፈራ ነበር። ጋሼ ይበልጣል በወጣ ዓመት ሳይሞላው አረፈ አሉኝ። ዲማ ሲቀበር ደርሻለሁ። አብረውት የተማሩ ሊቃውንት ነበሩ፤ እኔ አልቅሼ ሳልጨርስ መኪናው ሊሄድብን ነው ተባልኩና ወረድኩ። በዚህ እስካሁን ያዝናል ልቤ።

በእሱ ዘመን ማብቂያ ወደ ደብረ ማርቆስ አዲስ ኃላፊ መጥቶ ነበር። አቶ ሳሙኤል እንበለው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የተማረ፣ ገበሬን ቁጭ ብሎ የሚያነጋግር ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የተለወጠውን ሁሉ የለወጠው ለሰው አዝኖ ነው። ገበሬው ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አየና ከእንግዲህ ሁሉም ነገር በማሽን ይሁን፣ አሻራና ፎቶግራፍ ይበቃል፣ ወረቀት ይቅር አለ። ከሩቅ የመጣ ሰው ማሽኑ ተዘግቷል ተብሎ ሲያድር አየና ምስሉ ሰው በማይመጣበት ቀን ይነሣ አለ። ሰው የማይመጣበት ቀን መቼ ነው? ለከተማ ልጅ መልሱ ቀላል ነው፤ በዓል ነዋ። ሰው ከሌለ ደግሞ መመዝገቢያውን መዝጋት ምን ያስፈልጋል፤ በራሱ ጊዜ ይነሣ፣ ሥራም አይቆም ተባለ።

በዚያ ስብሰባ ላይ የአገሩ ልጆች ነበሩ። የገበሬ ልጆች ናቸው፣ በበዓል ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ዝም አሉ። አቶ ሳሙኤልም ዝም ብሎ አላመነም፤ በአንድ ሚካኤል ጠዋት በመስኮት ግቢውን ተመልክቷል። ባዶ ነበር። ቅዳሴ ገና አልወጣማ። ምስሉ ጠዋት ይጀምርና እስከ ቀትር በኋላ ይሄዳል፤ ሰውየው ከቀትር ወዲያ ወረዳ ሲዞር ስለሚውል ግቢው ጢም ብሎ ሲሞላ አላየም። ደቀ መዝሙሩም ኮምፒውተር ላጠረው አንድ ወረዳ ተሰጠ። ማሽኑ በየበዓሉ «ተሳክቷል» እያለ ይጽፋል፣ ሰውም አንብቦ ደስ ይለዋል።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ፣ ሲጠሩኝ ነው።

የተጠራሁት መብራት ሄዶ ሲመጣ በመጣው ኃይል የዋናው ማሽን ሁለቱም ዲስኮች ተቃጥለው ነው። መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት ሰሞን ስለነበር ከሮብ ገበያ በእግርም በመኪናም እየተቆራረጥኩ ደረስኩ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ስልክም እንዲሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ምክር መጠየቅ አይታሰብም። የግቢያችን ገመድ ግን የራሳችን ነው፤ ከማዶው ሕንጻ ጋር ያገናኘናል። ምስሉ ካለ ሌላው አያስፈልግም ብዬ ተጽናናሁ። መጋዘን ውስጥ ከቀሩት ዲስኮች ጤነኞቹን መርጬ ገጠምኩ።

የሞተ ማሽን በኔትወርክ ሲነሣ የሚያይ ሰው አይሰለቸውም። ባዶ ነው፤ ስሙን እንኳ አያውቅም። መጀመሪያ በገመዱ ላይ ማነኝ ብሎ ይጮኻል። ማዶ ያለው ማሽን አድራሻው ይህ ነው፣ ስምህ ይህ ነው ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ ለመቆም የሚበቃ ትንሽ ሥርዓት ይልክለታል፤ በዚያች ትንሽ ሥርዓት ዲስኩን ይከፋፍላል፣ ምስሉን ይጠራል፣ ምስሉ እየተፈታ ይገባል። የእኔ ሥራ መጠበቅ ነው። አቶ ሳሙኤል ከጎኔ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ጋሼ ይበልጣል ጠየቀኝና ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነበር፣ እኔ ግን ብዙ አላነጋገርኩትም አለ።

የመጨረሻውን የማርያም ምስል ነበር የመረጥነው። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ስሙን ጻፈ። የይለፍ ቃሌን ሰጠሁት፣ አስገባኝ። አቶ ሳሙኤል ተነሥቶ ጨበጠኝ። ከዚያ ማሽኑን የመሬቱን መረጃ ክፈት አልኩት፤ አልከፍትም አለ። ደግሜ አዘዝኩት። የመረጃው አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር አይስማማም፣ ተሰብሯል ይላል። ምስሉ መቼ በምን ሁኔታ እንደሚነሣ አቶ ሳሙኤልን ጠየቅኩት። በበዓል ቀን፣ ሳይዘጋ አለኝ። ሰው እየመዘገበ? ሰው በበዓል አይመጣም እኮ አለኝ። ከቅዳሴ በኋላስ? አልኩት። እሱም ቀስ እያለ ገባው። ፊቱ ሲለወጥ ማየት አልወደድኩም።

ከዚያ በፊት የነበረውን የሚካኤልን ምስል ሞከርን። እንደዚያው። የመድኃኔዓለምን ሞከርን። እንደዚያው። ቦታ ስለሌለ ከዚያ የቀደሙት ተሰርዘዋል። በማዶው ማሽን ጥግ ግን አንድ ሌላ ምስል ተቀምጦ አገኘሁ፤ ጋሼ ይበልጣል ከመውጣቱ በፊት በአንድ የእርሻ ሰሞን አዘቦት ያነሣው፣ ደቀ መዝሙሩ ላይ ጭኖ ያረጋገጠው፣ እንዳይሰረዝም የቆለፈው። እሱን ጠራሁት። መጣ፣ ተነሣ፣ ተከፈተ። አንድ ማሳ አልጎደለውም። የተነሣበት ቀን ግን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር።

ያ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተመዘገበው ውርስ፣ ስጦታ፣ ልውውጥ ሁሉ የለም። አብዛኛው ሰው ባለጉዳዮቹ በሕይወት ስላሉ ተመልሶ መጥቶ እንደገና ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ተንገላታ፣ ተራገመ፣ ተመዘገበ። ከበላይ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ መመለሱ ታውቋል የሚል ምስጋና መጣ። እኔም ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። በዚህ ጊዜ ነው ወይዘሮ ዝና የመጣችው።

ዝና ከይጁቤ ወዲህ ካለ ገጠር ናት፤ ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ። ባሏ ልጅ ሳያስቀር ቀድሞ ሞቶባታል። ለራሷ የተቆረሰ መሬት የላትም፤ የባሏ አባት አያ መኮንን ቤት ቀረች። አያ መኮንን ዓይናቸውም እግራቸውም ደክሞ ስለነበር ስትጦራቸው፣ ስታርስላቸው፣ ውኃ ስታቀርብላቸው ዓመታት ኖረች። የቀረው አንድ ልጃቸው ባህር ዳር ነው የሚኖረው፤ ለበዓል እንኳ አይመጣም ነበር። ሽማግሌው ይህችን ሴት ሜዳ ላይ አልጥልም ብለው መሬቱን በስጦታ ሰጧት። በበቅሎ ላይ አስቀምጣ ደብረ ማርቆስ ድረስ አምጥታቸው፣ ምስክሮች ባሉበት፣ አሻራቸውን ሰጥተው አስመዘገቡላት። የመጡበት ቀን ማርያም ነበር፤ ማንም በማያርስበት ቀን። ምስሉ እየተነሣ ሳለ። ሳስበው የዚያን ቀኑን ምስል ከሰበሩት ጣቶች አንዱ የአያ መኮንን አውራ ጣት ነበር ማለት እችላለሁ፤ እንዲህ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የምስክር ወረቀቷ አልታተመም ነበር። ማተሚያው ካርድ አልቆበት፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል ተብላ ነበር። ወረቀት ቀርቷልና ሌላ የተጻፈ ነገር የላትም። ሽማግሌው ስጦታው ከተመዘገበ በኋላ በዓመቱ አረፉ። አሁን የመጣችው ካርዷን ልትወስድ ነው።

ስሟን ፈለግኩ፣ የለም። ማሳውን ፈለግኩ፣ ተገኘ፤ ባለይዞታ መኮንን፣ በሕይወት ያለ፣ ወራሽ አንድ ወንድ ልጅ። ፎቶግራፋቸው ብቅ አለ። ማንበብ ስለማትችል ምን ይላል አለችኝ። ነገርኳት። ፎቶግራፉን ጠጋ ብላ አየችው።

«እሳቸውን አስነሥታችሁ እኔን ቀበራችሁኝ» አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ስጦታ የሚመዘገበው ሰጪው ቀርቦ ቃሉን ሲሰጥ ነው፤ ሰጪው አፈር ገብቷል። አቶ ሳሙኤል ለበላይ ጻፈ፤ ሰጪው በሌለበት ሕጉ አይፈቅድም የሚል መልስ መጣ። እሱ ግን በዚህ አላበቃም፤ ምስክሮቹን ፍለጋ ከሴትዮዋ ጋር ራሱ ገጠር ወረደ። መኪና በማይገባበት በእግሩ ሄዷል፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ አይቼዋለሁ። ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ሞቷል። ሌላው በግርግሩ ጊዜ ከአገር ወጥቶ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛው የሽማግሌው ልጅ አበልጅ ነው፤ ያን ቀን ደብረ ማርቆስ ሄጄ እንደሆነ አላስታውስም አለ። አቶ ሳሙኤል ይህን ሲነግረኝ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ከዚያ በኋላ በአለቃ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ አላየሁትም።

እኔ አንድ ነገር መከርኳት፣ አሁንም ቢሆን አልጸጸትበትም። ዝም ይበሉ አልኳት። ማሽኑ ሽማግሌው በሕይወት አሉ ይላል፤ እስካሉ ድረስ ማንም ወራሽ ነኝ ሊል አይችልም፤ እርስዎም ጧሪያቸው ነዎትና እርሻዎን ይቀጥሉ። ልጁም ዝም ብሏል። ሄደች። አንድ መኸር አለፈ። እኔም ነገሩ በዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር።

በጥር መጣች። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ነጠላዋን ወደ ኋላ አዘዋውራ አልቀመጥም ብላ ቆመች።

«አያ መኮንን መሞታቸውን እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁ» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ደነገጥኩ። ይህን ካደረግኩ መሬቱ በዚያችው ደቂቃ ወደ ልጁ እንደሚሄድ፣ አንዴ የተጻፈውን ነገር እኔም አቶ ሳሙኤልም መመለስ እንደማንችል ነገርኳት። ሄዳ እንድታስብበት ለመንኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አስቤበታለሁ፣ ጌታዬ። ዓይናቸውን የከደንኩ እኔ ነኝ። ተዝካራቸውን ያወጣሁ እኔ ነኝ። ግብር ሰብሳቢው መጥቶ ሽማግሌው እንዴት ናቸው ሲለኝ ደኅና ናቸው እላለሁ። ቄሱ ቆመው እየሰሙኝ። ስንት ዓመት ነው እንዲህ የምል? በሞተ ሰው አፍ እንጀራ አልበላም።»

«ልጁ ያስወጣሻል» አልኳት። አንቺ ያልኳት በዚያች ሰዓት እንደ እህቴ ሆና ስለታየችኝ ነው።

«ያስወጣኝ» አለች።

ተቀመጥኩ። ማሳውን ከፈትኩ። ባለይዞታው በሕይወት አለ ከሚለው ላይ ሞቷል የሚለውን መረጥኩ። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማሽን ሁሉ ይጠይቃል፣ እልፍ ጊዜ ሳላነበው ያለፍኩት ጥያቄ ነው። ያን ቀን አነበብኩት። ወደ እሷ ዞርኩ፤ አንገቷን ነቀነቀች። ጫንኩት። የሽማግሌው ስም ግራጫ ሆነ፣ ከሥሩ የልጁ ስም መጣ።

«አሁን ሞቱ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሞቱ።»

«ነፍስ ይማር» አለችና አማተበች፤ እኔም ነፍስ ይማር አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ወጣች። ይህን ምስጋና ከየትኛውም ስድብ ይልቅ ፈርቼዋለሁ።

ልጁ በሚያዝያ መጣ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የአባቴ ነው አለ፣ ሕጉም የአባቱ ነው ይላል። መሬቱን ለጎረቤት አከራይቶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ዝና ይጁቤ ገብታ ሰው ቤት ጠላ ትጠምቃለች ሲሉ ሰምቻለሁ። አቶ ሳሙኤል ዝውውር ጠይቆ ሄደ፤ ሲሰናበተኝ ያችን ሴትዮ ካየህ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

እኔም ጊዜዬ ደረሰ። ከመውጣቴ በፊት አንድ የመጨረሻ ምስል አነሣሁ። አዘቦት ቀን ጠበቅኩ፤ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነበር። መመዝገቢያውን ዘጋሁ፣ ከአንድ ወረዳ ትርፍ ማሽን ተውሼ ምስሉን ጫንኩበት፣ ማሳዎቹንም አንድ በአንድ እየከፈትኩ አየሁ። በዘመኔ ካነሣኋቸው ሁሉ እንደዚያ ያማረ ምስል የለም። የዝና ማሳም እዚያ ውስጥ አለች፣ በልጁ ስም። ዋናው ማሽን ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ቢሞት፣ ከዚያ ምስል ስንት ጊዜ ቢነሣ፣ አንድም ሳይሳሳት መሬቷን ለእሱ ይሰጠዋል።